ሰው የሌለበት ሞገድ

አባዬ የበሬዎቹን በረት ያጠረው በጣሊያን ሽቦ ነበር። ጣሊያን ከአገር ሲወጣ፣ ከሀና ማርያም ወዲህ ባለው ሜዳ ላይ የነበረው የነፋስ ስልክ ሬዲዮ ጣቢያ ምሰሶው ወድቆ፣ መሣሪያው በመዶሻ ተቀጥቅጦ፣ ሽቦው ሣር ላይ ተዘርግቶ ቀረ። የሰፈራችን ገበሬ ለአጥር የሚሆነውን ለአጥር፣ ለሞፈር ማሰሪያ የሚሆነውን ለሞፈር እየቆረጠ ወሰደ። የመንግሥት ንብረት ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም። መንግሥት ራሱም ያኔ ገና መቀመጫውን እየፈለገ ነበር።

ጣቢያውን መልሰው የሚያቆሙት ፈረንጆች ሲመጡ እኔ ትምህርት ቤት የጀመርኩ ልጅ ነበርኩ። ከነሱ አንዱ፣ ቀጭን፣ ጠጉሩ እንደ ገለባ የነጣ ሰው፣ አስተርጓሚ ይዞ ቤታችን መጣ። ሽቦውን በጣቱ እየነካካ አባዬን እንዲመልስለት ጠየቀው።

አባዬ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አየውና፣ «ይህን የጣለው ጣሊያን ነው። አንተ ደግሞ የማን ነህ?» አለው።

«የእናንተው መንግሥት የቀጠረኝ ነኝ» አለ ሰውየው በአስተርጓሚው በኩል። «ጦርነቱ ያፈረሰውን ልንሠራ ነው የመጣነው።»

«እንግዲያው አዲስ ሽቦ አምጡ» አለ አባዬ። ሰውየው ሳቀና ሄደ። ሽቦው በረቱ ላይ ቀረ።

ከዓመታት በኋላ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ጣቢያውን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ያዘጋጀውን የሥልጠና ፈተና ሳልፍ፣ ክፍል ውስጥ ቆሞ የጠበቀኝ ያው ሰው ነበር። ሁላችንም «ሚስተር» ነበር የምንለው። በሞርስ፣ ማለት በአጭርና በረጅም ምት ፊደል፣ መልእክት መላክና መቀበል ያስተማረኝ እሱ ነው። በአማርኛ ፊደል የተሠራውን ሞርስ እሱ ራሱ አያውቀውም ነበር፤ ጣቴን ግን ያሠለጠነው እሱ ነው። እጄ ላይ ሳንቲም አስቀምጦ ሳይወድቅ መምቻውን እንድመታ ያደርገኝ ነበር። አብረን ከጀመርነው ሦስት ሴቶች እስከ መጨረሻው የዘለቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሚስተር ስለ አገሩ ብዙ አያወራም። አንድ ቀን ግን ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጣቢያ ሥሎ፣ እሱ በወጣትነቱ ይሠራበት የነበረውን የሬዲዮ ጣቢያ በጦርነቱ ጊዜ ሁለት ወገኖች ተሻምተውበት፣ በመጨረሻ አንደኛው ከነሠራተኞቹ እንዳፈነዳው ነገረን። ጓደኞቹ እዚያ ውስጥ ነበሩ። «ወታደር ከሁሉ በፊት የሚመጣው ወደ እናንተ ነው» አለን። ከዚያ ሰሌዳውን አጥፍቶ ስለ አንቴና ማስተማሩን ቀጠለ።

በጣቢያው ከሚስተር ቀጥሎ የነበረው የኛ ሰው ነው። ባሕር ማዶ ተምሮ የተመለሰ መሐንዲስ፣ ረጅም፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ቶሎ የሚቆጣ። እኛ ሠራተኞቹ «ጋሼ» እንለው ነበር። ከሚስተር ጋር በየቀኑ ይጋጫሉ። የሚስተር ውል ሁለት ዓመት ነበር፤ ተራዘመ፣ ደግሞ ተራዘመ። አንድ ጠዋት በሩ ክፍት ሆኖ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«መቼ ነው የምታስረክበኝ?» አለ ጋሼ በእንግሊዝኛ።

«ስትዘጋጅ።»

«ተዘጋጅቻለሁ።»

«እሱን የምወስነው እኔ ነኝ። የመጣሁት ለዚህ ነው።»

ጋሼ ወጥቶ ከጓሮው ባሕር ዛፍ ሥር ለብዙ ሰዓት ቆሞ ቀረ። እኔ ሁለቱንም እወዳቸው ስለነበር ከማን ጋር መቆም እንዳለብኝ አላወቅሁም። ነገሩን ለአባዬ ስነግረው፣ «ቤት ሠርቶ የማይወጣ አናጢ አይቼ አላውቅም» አለኝ።

የታኅሣሡ ግርግር የመጣው በዚህ መሀል ነው። ንጉሡ ባሕር ማዶ ነበሩ። ጠዋት ከቤት ስወጣ መንገዱ ጭር ብሏል፤ ወደ ከተማ ወተት ይዘው የሄዱ ሴቶች ወተታቸውን እንደያዙ እየተመለሱ ነበር። «ወታደር መንገድ ዘግቷል፤ አንቺም ተመለሺ» አሉኝ። አልተመለስኩም። ተረኛ ነበርኩ፤ ደግሞም ወሬው እውነት ከሆነ የሚታወቀው ጣቢያው ውስጥ ነው ብዬ አሰብኩ።

ጣቢያ ስደርስ የከተማው ስልክ ተቋርጧል። ጋሼ የስልኩን እጀታ ደጋግሞ ያነሳል፣ ያስቀምጣል። ሚስተር ከማሰራጫው ፊት ተንበርክኮ የፊቱን ሽፋን ፈቷል። ምን እያደረገ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ክሪስታሎቹን እያወጣ ነበር።

ክሪስታል የክብሪት ሣጥን የምታህል ዕቃ ናት። ማሰራጫው በየትኛው ሞገድ እንደሚናገር የምትወስነው እሷ ናት። የጠቅላይ ግዛት ጣቢያዎች ሁሉ ጆሯቸውን የሚጥሉት በአንድ በታወቀ ሞገድ ላይ ስለሆነ፣ ትክክለኛዋ ክሪስታል ከሌለች መሣሪያው ከነግዙፍነቱ ዝም ያለ ብረት ነው። በሌላ ክሪስታል ከተናገረም ድምፁ ይወጣል፤ የሚሰማው ግን የለም።

«ምን ማድረግህ ነው?» አለ ጋሼ።

«ጣቢያው ከሞተ ማንም አይጣላበትም» አለ ሚስተር። ክሪስታሎቹን በኮቱ ኪስ ከተተ።

«ያንተ አይደለም ይህን መወሰን!» ጋሼ ጮኸ። «ጠይቀኸኛል? የማይሠራ ጣቢያ ሲያገኙ ተናደው ቢያፈነዱትስ? አገሩ የኔ ነው፤ ጣቢያውም የኔ ነው!»

ሚስተር መልስ ከመስጠቱ በፊት የካሚዮን ድምፅ ሰማን።

ወታደሮቹ በሩን አልሰበሩም፤ ከፍተው ገቡ። የሚመራቸው ሻምበል ወጣትና ትሁት ነበር፤ «እንዴት አደራችሁ» ብሎ ሰላምታ ሰጠን። ያ ሰላምታ ከጩኸት ይልቅ አስፈራኝ። ከኋላው ጠመንጃ የያዙ ወታደሮችና አንድ ሽበት የጀመረው የመገናኛ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። ሃምሳ አለቃው ማዳመጫ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ሞርስ የሚያውቅ ሰው ይዘው ነው የመጡት።

ሻምበሉ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ይህ መልእክት አሁን ለየጠቅላይ ግዛቱ መተላለፍ አለበት። መንግሥት ተለውጧል። ማን ነው ኃላፊው?»

ሚስተር ምን እንዳለ ጠየቀኝ፤ ተረጎምኩለት። «ማሰራጫው ተበላሽቷል በይው» አለኝ በእንግሊዝኛ። ሻምበሉ እንግሊዝኛ ይወቅ አይወቅ አላወቅንም፤ ፊቱ ምንም አይናገርም።

«ማሰራጫው ተበላሽቷል ይላሉ» አልኩ።

«ትናንት ይሠራ ነበር» አለ ሻምበሉ በቀስታ። «የሚሠራውንና የማይሠራውን የሚለይ ሰው ይዣለሁ።» ሃምሳ አለቃውን በዓይኑ ጠቆመው። ሃምሳ አለቃው ወደ ማሰራጫው ሄዶ የተፈታውን ሽፋን፣ ባዶውን የክሪስታል ቦታ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «አንድ ዕቃ ጎድሎታል፣ ጌታዬ» አለ።

ሻምበሉ ሽጉጡን አወጣ። በማን ላይ እንደሚያነጣጥር አልወሰነም፤ ወደ መሬት አዘቅዝቆ ያዘው። «ማን ነው ያወጣው?»

ሚስተር ከሻምበሉ ፊት ሁኔታውን ተረድቶ፣ «እኔ ነኝ፣ እሱ አያውቅም በይው» አለኝ። ጋሼ ደግሞ በአማርኛ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «እንዳትተረጉሚ» አለኝ። በሁለቱ መሀል ቆሜ ሳልተረጉም ቀረሁ። ከውጭ፣ ከአጥሩ በኩል የሰው ድምፅ ይሰማል፤ አንድ ወታደር «ተመለስ አልኩህ፣ ሽማግሌ!» ይላል። በመስኮት አየሁ። አባዬ ነበር፤ በትሩን ይዞ ሊወስደኝ መጥቷል። ወታደሩ በሰደፍ ገፋው። አባዬ ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ባሕር ዛፎቹ ሥር ቆመ፤ አልሄደም።

ጋሼ አንድ እርምጃ ወደ ሻምበሉ ቀረበ። «ይህ ሰውዬ ቅጥረኛ ነው» አለ። «መሣሪያ ይጠግናል፣ ውሉ ሲያልቅ ይሄዳል። የቤቱ ኃላፊ እኔ ነኝ። ዕቃውን አውጣ ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። እኔን ሳያነጋግሩ ሌላ ሰው ላይ ጣትዎን እንዳያነሱ።»

«ምን አለ?» አለኝ ሚስተር።

ይህን መተርጎም አልከበደኝም። «ኃላፊው እሱ ነው አለ» አልኩት።

ሚስተር ጋሼን አየው። ጋሼ እጁን ዘረጋ፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ። ሚስተር እጁን ኮቱ ኪስ ከትቶ ክሪስታሎቹን ሁሉ ጋሼ መዳፍ ላይ አደረገለት። ለዓመታት የተጣሉበት ርክክብ ያ ነበር፤ ሽጉጥ ፊት፣ ያለ ፊርማ፣ ያለ ንግግር።

ጋሼ ክሪስታሎቹን በጣቱ እየለየ ቆየ። እኔ ከጎኑ ስለነበርኩ የተቀረጸባቸውን ቁጥር አነብባለሁ። የምንሠራባትን ክሪስታል አለፋት። ከሥሯ ያለችውን አነሳ፤ ያቺ መሥሪያ ቤቱ ከብዙ ጊዜ በፊት የተወው የአሮጌ ሞገድ ክሪስታል ናት። በዚያ ሞገድ ላይ የሚያዳምጥ አንድም ጣቢያ አልነበረም። ሚስተርም አየ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ጋሼ ክሪስታሏን ሰክቶ ማሰራጫውን አስነሳ። መብራቶቹ በሩ፤ ቀስ እያለ አስተካከለው፤ መርፌዋ ወደ ላይ ወጣች። ለሻምበሉ መርፌዋን አሳየው። «እየሠራ ነው» አለ። ይህ እንኳ ውሸት አልነበረም።

«ልጅቷ ትላከው» አለ ሻምበሉ ወረቀቱን እየሰጠኝ።

ተቀመጥኩ። መምታት ጀመርኩ። የመልእክቱን ቃል ዛሬ አላስታውስም፤ የማስታውሰው የሃምሳ አለቃውን ትንፋሽ ነው፤ ከትከሻዬ በላይ ቆሞ እያንዳንዱን ፊደል ከወረቀቱ ጋር ያስተያያል። ስለዚህ አንድም ሳላጎድል ላክሁ። ንጹሕ አድርጌ ላክሁ። ሰው ለሌለበት።

ጨርሼ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ ግን ያልጠበቅሁት መጣ። የጠቅላይ ግዛት ጣቢያዎች የሚጠሩን በሌላ ሞገድ ስለሆነ፣ እነሱ ባይሰሙንም እኛ እንሰማቸው ነበር፤ መቀበያው ደግሞ ክፍት ነው። አንዱ ይጣራል። ከሩቅ ደቡብ የሚሠራ ባልደረባችን ነው። ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ እጁን ግን ከሺህ እለየዋለሁ፤ ረጅሙን ምት እንደ ሰነፍ ይጎትተዋል። «ነፋስ ስልክ፣ ነፋስ ስልክ፣ ምነው ዝም አላችሁ? ከጠዋት ጀምሮ አልሰማናችሁም። መልሱ።»

ሻምበሉ ድምፁን ከማዳመጫው ሲወጣ ሰማ። «መለሱ?» አለ። «ምን ይላሉ?»

ጋሼ አላየኝም። ሚስተር አላየኝም። የሚመልስልኝ ሰው አልነበረም።

«ደርሶናል ይላሉ» አልኩ።

ሻምበሉ ወደ ሃምሳ አለቃው ዞረ። «ስማ እስቲ።»

ሃምሳ አለቃው ከእጄ ማዳመጫውን ወስዶ አንዱን ጆሮው ላይ አደረገ። ያ ደቡብ ያለው ሰው አሁንም ይጣራል፤ ከማዳመጫው የሚወጣውን ቀጭን ድምፅ እኔም እሰማለሁ፤ አልሰማናችሁም፣ አልሰማናችሁም። ሃምሳ አለቃው እያዳመጠ ዓይኑን ዓይኔ ላይ አሳረፈ። በሽበታሙ ሰው ፊት ላይ ላብ ወረደ። ከውጭ አንድ በሬ ሲያገሣ ትዝ ይለኛል።

«እውነቷን ነው፣ ጌታዬ» አለ። «ደርሶናል ነው የሚሉት።»

ማዳመጫውን መለሰልኝ። የዚያን ሰው የተጎተተ ምት በደንብ ሳይለይ ቀርቶ ይሁን፣ ወይም አውቆ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በኋላ ላገኘው ፈልጌ ነበር። ከእነዚያ ወታደሮች ብዙዎቹ በተከተሉት ቀናት ማለቃቸውን ብቻ ነው የሰማሁት።

ሻምበሉ ጥበቃ ትቶ ሄደ። ከከተማው በኩል መድፍ መተኮስ ሲጀምር ጠባቂዎቹም አንድ በአንድ ወደ ባሕር ዛፎቹ ውስጥ ጠፉ። አባዬ ያኔ ገብቶ እጄን ያዘ። ቤት እስክንደርስ ድረስ እጄን አልለቀቀም፤ የሰው ዓይን የሚፈራ ሰው ነበር፤ ከልጅነቴ በኋላ እጄን ይዞኝ በመንገድ ሄዶ አያውቅም።

ግርግሩ ሲበርድ ያለፈ መሰለኝ። አላለፈም። ጥቂት ቆይቶ ሌሎች ወታደሮች፣ ያሸነፉት የንጉሡ ወገኖች፣ መጡ። አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ አላወቅንም፣ አንቴናው ሥር ያለችው፣ ማሰራጫው ሲሠራ የምትበራው ቀይ መብራት በዚያ ቀን በርታ እንደነበር ተናግሯል። «የአመፀኞቹን መልእክት ያስተላለፈ ማን ነው?» አሉን።

እኔ አፌን ስከፍት ጋሼ ቀደመኝ። «የቤቱ ኃላፊ እኔ ነኝ» አለ። በዚያች ቃል ያዳነን ሰው በዚያችው ቃል ታሰረ። ሸሚዙን ሳያስተካክል ካሚዮን ላይ ጫኑት።

ሚስተር ከማግስቱ ጀምሮ ቢሮ ለቢሮ መዞር ያዘ። እኔ አስተርጓሚው ሆኜ እከተለዋለሁ። በየጠረጴዛው ፊት ክሪስታል ምን እንደሆነ ያስረዳል። ሹማምንቱ ሰምተው፣ «አሮጌ ሞገድ ላይ መሆኑን በምን እናውቃለን?» ይላሉ። አንዱ ደግሞ፣ «አንተስ መጀመሪያ ክሪስታሉን ለምን ኪስህ ከተትክ? ማን ፈቀደልህ?» አለው። ከዚያ ቢሮ ስንወጣ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ልክ ነው ሰውየው» አለኝ። «የኔን አገር ጣቢያ ነበር ያሰብኩት። እናንተን መጠየቅ ነበረብኝ።»

ኤምባሲው ከአገር እንዲወጣ መከረው። ሚስቱና ሴት ልጁ ሄዱ። እሱ ቀረ። ውሉ አልቆ ነበር፤ ደሞዝ የሚከፍለው አልነበረም፤ ከቤቱ ዕቃ እየሸጠ ይኖር ነበር። አባዬ ይህን ሲሰማ በግ አርዶ ግማሹን ላከለት፤ «እንግዳ ሰው ብቻውን ሲቀር ያሳዝናል» ከማለት በቀር ምክንያት አልሰጠኝም።

መፍትሔው የመጣው ከደቡብ ነው። ሚስተር የጠቅላይ ግዛት ሠራተኞቹ ይመስክሩ ብሎ አጥብቆ ጠየቀ፤ ከብዙ መመላለስ በኋላ ተፈቀደ። ፈርተው ብዙዎቹ አልመጡም። አንዱ መጣ። በአውቶቡስ፣ በበቅሎ፣ እንደገና በአውቶቡስ ተጉዞ፣ አቧራው ከጫማው ላይ ሳይራገፍ መርማሪዎቹ ፊት ቆመ። አጭር፣ ወፍራም፣ ዓይነ አፋር ሰው ነበር። ያን የሚጎትት እጁን ብቻ አውቀው ስለነበር በሐሳቤ ሌላ መልክ ነበር የሰጠሁት።

«በዚያ ቀን ከነፋስ ስልክ የሰማኸው አለ?» አሉት።

«የለም። ቀኑን ሙሉ ስጣራ ዋልኩ። ምሳ አልበላሁም» አለ። «የሞቱ መስሎኝ አለቀስኩ።»

መርማሪው ቀና ብሎ አየው። ቃሉን ጽፎ አስፈረመው።

ጋሼ የተለቀቀው ከፋሲካ በኋላ ነው። ከስቶ፣ አንድ ጥርሱ ወልቆ፣ ጣቢያው በር ላይ ቆመ። ሚስተር ከውስጥ ወጣ። ሁለቱ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባባሉ ለመስማት ጆሮዬን ጣልኩ።

«ሁለተኛዋን አንቴና አስተካክያታለሁ» አለ ሚስተር።

«አየኋት ከመንገድ» አለ ጋሼ። «ትንሽ ወደ ግራ ዘምማለች።»

አብረው ሊያዩዋት ሄዱ።

ሚስተር በሳምንቱ ወደ አገሩ ተመለሰ። መሥሪያ ቤቱ በሱ ምትክ ሌላ ባለሙያ ከውጭ ሊያስመጣ መሆኑን ሲነግሩት፣ ጋሼ «የሚያስፈልገን መለዋወጫ ነው፤ ሰው አይደለም» ብሎ ተከራከረ። ሰውም መለዋወጫም መጣ። አዲሱ ፈረንጅ በጋሼ ሥር ተመደበ፤ ጋሼ የመጀመሪያ ቀን ወደ እኔ ጠረጴዛ አምጥቶት፣ «የአማርኛውን ሞርስ አስተምሪው፤ እሱን ሳይችል መሣሪያ እንዳይነካ» አለኝ። አስተማርኩት፤ ጎበዝ ነበር።

ጋሼ ግን የድሮው አልሆነም። ከጣቢያው ውጭ ካሚዮን በቆመ ቁጥር የያዘውን አስቀምጦ ተነስቶ ይቆማል፤ ካሚዮኑ እስኪያልፍ ድረስ አይቀመጥም። እኛም ሥራችንን አቁመን አብረነው እንቆማለን። ማንም ይህን አድርጉ ብሎ አላዘዘንም። አዲሱ ፈረንጅ ምክንያቱን ሳያውቅ እሱም መቆም ለመደ።